የእትዬ ጥሩ ባለ ሁለት በር መኪና

በሌላው ዓለም መኪና የሚገዛ ሰው የሚጠየቀው ብዙ ነው አሉ። ሞተሯ ስንት ነው? ከቆመችበት ተነሥታ መቶ ለመግባት ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች ወይስ ትንሸራተታለች? እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው አንድ ነው። ከቄስ እስከ ነጋዴ፣ ከሽማግሌ እስከ ተማሪ ሁሉም ይህችኑ ይጠይቃል፤ «ስንት ሰው ትይዛለች?» አውሮፕላን ገዝቼ መጣሁ ብትሉት እንኳ እሰየው ብሎ ከመረቃችሁ በኋላ መተላለፊያው ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። በዚህ ጥያቄ የተነሣ ደሜ ፈልቶ ነው የሰነበተው። ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ አይወጣልኝም።

አክስቴን እትዬ ጥሩን ላሊበላ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ባለቤታቸው በወጣትነት ሲሞቱባቸው አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያና አንዲት ፒካፕ ትተውላቸው ሄዱ። እትዬ ጥሩ ሁለቱንም እንደ ልጅ አሳደጉ። ፀጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ፒካፕዋን የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ዱቄት ጫኑባት፣ የቢራ ሣጥን ጫኑባት፣ የቱሪስት ሻንጣ ጫኑባት። ቱሪስቱ በጠፋባቸው ዓመታት ደግሞ የዘመድ በሽተኛ፣ የጎረቤት ሙሽራ፣ የማኅበር ድንኳን ጫኑባት። በላስታ መኪና የገዛ ሰው መኪናዋ የእሱ ትመስለዋለች እንጂ የአገሩ ናት፤ እሱ ቤንዚን ቀጂዋ ነው።

የመንገዱ ሕግ ደግሞ የባሰ ነው። ትራፊክ ፖሊስ የሚያውቀውን ሕግ ማለቴ አይደለም፣ እሱንስ ማን ፈርቶት። መንገድ ዳር እጁን ያነሣ ሰው ካለና ባዶ ወንበር ካለህ ትቆማለህ። ቄስ ቆመው፣ አሮጊት ቆማ፣ ነፍሰ ጡር ቆማ ባዶ ወንበር ይዞ ያለፈ ሰው ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሰፈሩ ይገባል። እትዬ ጥሩ ይህን ሕግ አንድ ቀን ሳያፈርሱ ኖሩና በቅርቡ ፒካፕዋን ሸጡ። ቀጥለው እኔን አስጠሩኝ።

ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ። «ምስጋናው፣ ይኸን የጋሸናን መንገድ ስመላለስበት አረጀሁ። አንድ ቀን እንኳ ፍሬን ሳልይዝ አልጨረስሁትም። ወይ ሰው ነው፣ ወይ ጆንያ ነው፣ ወይ በግ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጋሸና ላሊበላ ሳልቆም መንዳት እሻለሁ። መኪና ምን ያህል እንደሚሮጥ ሳላውቅ ልሞት ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ ብላችሁ አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ አቀረረ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንበር የሌላት መኪና ትኖር እንደሆነ ጠየቁኝ።

ለምን እኔን? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዘመዶቼም ጠይቀውታል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። መኪና የለኝም፣ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ነገር ግን ደመወዜ በስልክ ዳታ የሚያልቀው ትንንሽና ፈጣን መኪኖች እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ በማየት ነው። ከማያቸው ሰዎች አንዱ የሚናገረው በጣሊያንኛ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም፣ ግን ስለ ማርሽ ሲያወራ እጁን አይቼ ሁሉንም እረዳዋለሁ። ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ አሠልጣኝ በሆነበት አገር የእኔ መኪና ማወቅ ምኑ ይገርማል?

ወልድያ ያለ አንድ ደላላ የሁለት መኪኖች ፎቶ ላከልኝ። የፋብሪካቸውን ስም አልጠራም፤ ሳይከፈለኝ ማስታወቂያ አልሠራም። አንደኛዋ ሰማያዊ ናት፤ አራት በር አላት፣ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ አላት፣ ከክንፉ ሥር «ስፖርት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። ሁለተኛዋ ቀይ ናት፤ ሁለት በር፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀች፣ ምንም ጽሑፍ የሌለባት። የኋላ መቀመጫዋን ሳየው ፋብሪካው መቀመጫ የለውም ተብሎ እንዳይከሰስ ብቻ የሠራው መሰለኝ። ሰማያዊዋ ስፖርተኛ ነኝ ትላለች፤ ቀይዋ ትሮጣለች። በዓለም ላይ በሰውም በመኪናም መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው ብዬ ሦስት ቀን ለባልደረቦቼ አስረዳሁ። አንዱ ባልደረባዬ ሁለቱንም ትታችሁ የኤሌክትሪክ ግዙ አለኝ። መብራት ሲመጣ «ሆ!» እያልን በምናጨበጭብበት ከተማ!

ግዢው ግን የቤተሰብ ጉባኤ ሳይቀመጥበት አይሆንም ተባለ። እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ የሚጀምረው። በገንዘባቸው፣ በጉልበታቸው፣ ያለ ማንም እርዳታ ለኖሩት ለእትዬ ጥሩ ጉባኤው ምን ያደርግላቸዋል? ቢሆንም ታላቅ ወንድማቸው፣ አጎቴ አያ ሞላ፣ ከሙጃ ድረስ መጡ። የእትዬ ጥሩ የነፍስ አባት መምሬ ፈንታም ተጠርተው መጡ። መምሬ ፈንታ ረጅም ሰው ናቸው፤ በዚያ ቁመት ላይ ጥምጣም ሲታከልበት በር ለማለፍ ሁልጊዜ የሚጸልዩ ይመስላሉ።

አያ ሞላ ስልኬን ተቀብለው ቀይዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሁለቱ የቀሩት በሮች የት ሄዱ ብለው ጠየቁኝ። የሉም አልኳቸው። «ሰውዬው ሠርቶ ሳይጨርሳት ነው የሸጣት?» አሉ። የለም፣ እንዲህ ሆና ነው የተሠራችው ብዬ አስረዳሁ። በሽተኛ እንዴት ይጋደምባታል አሉ። አይጋደምባትም አልኩ። ሙሽራ ከነሚዜዎቿ? አትገባም። የፋሲካ በግ? ንዴቴን ውጬ የሞተሯን ነገር ልንገራቸው ብዬ ከመቶ የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት አላት አልኳቸው። አያ ሞላ ፈረስ ያውቃሉ፤ ጎበዝ ጋላቢ ነበሩ። ትንሽ አሰቡና «ይኸ ሁሉ ፈረስ ተሰልፎላት የምትጭን ሁለት ሰው ከሆነ፣ የቀሩት ፈረሶች ሥራ ፈት ናቸው ማለት ነው» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ሳይንስ ሲሰደብ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ሰማያዊዋ ትገዛ ወደሚለው ጉባኤው ሲያዘነብል መምሬ ፈንታ እጃቸውን አነሡ። ለእትዬ ጥሩ ልብሽ የወደደችውን ግዢ አሏቸው፤ ብዙ ሰው ጭነሻል፣ አሁን ለነፍስሽም ለሥጋሽም ዕረፍት ያስፈልግሻል አሏቸው። በዚያች ቅጽበት መስቀላቸውን ሁለት ጊዜ ተሳለምኩ። ይህን ያህል የተራመደ አእምሮ ከዚያ ጥምጣም ሥር አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት እትዬ ጥሩና እኔ በሕዝብ መኪና ወልድያ ወረድን። ደላላው የቆዳ ጃኬት ለብሶ ጠበቀን። እዚህም ሌላ ንዴት። ሰውዬው የሚያናግረው እኔን ብቻ ነው! ሞተሩን ከፍቶ የሚያሳየው ለእኔ፣ የሚምለው ለእኔ፣ ሻይ የሚያዘው ለእኔ። ለእናትዎ ነው ወይ የሚገዙት ብሎ ሲጠይቀኝ እትዬ ጥሩ አጠገቤ ቆመው ነበር። እንደ ዕቃ! ገዢዋ እሳቸው ናቸው፣ ነጂዋም እሳቸው ናቸው፣ እኔ ብስክሌት እንኳ በወጉ አልነዳም አልኩት። አላመነኝም። የሰማያዊዋን ክንፍ በኩራት ሊያሳየኝ ሲወስደኝ በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ ተወዛወዘ። በማጣበቂያ ነው የተያዘው። አየር ሲመታው መኪናዋን መሬት ላይ ይጫናታል አለኝ። የሚጫናት አልመሰለኝም፤ አየር ቢመታው ብቻውን በርሮ ኮን ከተማ የሚደርስ ይመስላል።

እትዬ ጥሩ ይህን ሁሉ ሰምተው ቁልፉን ከደላላው እጅ ቀሙት። መጀመሪያ ሰማያዊዋን ነዱ። ነዳጅ ሲረግጡላት ትንሽ ታስባለች፣ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ እንደ ግዴታ ትሄዳለች። ወርደው «ይቺ እያዛጋች ነው የምትሄድ» አሉ። ቀይዋ ውስጥ ሲገቡ ደላላው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። የኋላ መቀመጫውን ያን ጊዜ በአካል ተዋወቅሁት፤ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ደስ አለኝ፤ ማንም ዘመድ እዚህ ውስጥ በፈቃዱ አይገባም። እትዬ ጥሩ ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ደላላው የበሩን እጀታ ጨብጦ ቅዱስ ገብርኤልን ጠራ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሳቸውን ማናገር ጀመረ፤ በ«እርስዎ» ጭምር።

ቀይዋ ተገዛች። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ይዋል ይደር እንጂ አያ ሞላ ይነግሯችኋል።

ስንነሣ እትዬ ጥሩ አንድ ነገር አደረጉ። ወልድያ ሽንኩርት ርካሽ ነው ብለው አንድ ጆንያ ገዝተው የኋላ መቀመጫው ላይ በአንዱ በኩል አስቀመጡት። ተቃወምኩ። የሩጫ መኪና ላይ ሽንኩርት! የጣሊያኑ ሰውዬ ቢያይ ምን ይላል? ልማድ ነው፣ ባዶ መኪና መንዳት አልለመድሁም አሉኝ። እሺ፣ ሰው ብቻ አይሁን እንጂ ብዬ ዋጥኩት።

የድልብን ዳገት እንዴት እንደወጣነው ለመናገር ቃል ያጥረኛል። በሕዝብ መኪና ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖባቸው የነበሩት ኩርባዎች አሁን ተራ ገብተው የሚጠብቁን መሰለኝ። እትዬ ጥሩ ማርሽ ቀንሰው ይገባሉ፣ ጨምረው ይወጣሉ። ያስተማራቸው የለም። እነዚያ ሁሉ ዓመታት በዱቄትና በሰው ክብደት ሲጎተት የኖረ እጅ አሁን ተፈቶ ተለቀቀ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ከፊት ተቀምጬ፣ ይህን ደስታ እኔ ነኝ ያመጣሁት እያልኩ በራሴ ኮራሁ። ባልኮራ ኖሮ የሚደርስብኝ ባልከበደኝ።

ጋሸና ምሳ በላን። የጋሸና ሰው መኪናዋን ከቦ ምን እንደጠየቀ ግልጽ ነው፤ አልደግመውም፣ ደሜ ይነሣብኛል። ከምሳ በኋላ እትዬ ጥሩ መሪውን ጨብጠው አማተቡና «እንግዲህ አሁን ነው» አሉ። ወደ ላሊበላ ታጠፍን። የሕይወታቸው ምኞት፣ ከጋሸና ላሊበላ ሳይቆሙ፣ ተጀመረ።

መጀመሪያ ሁለት ገበያተኞች እጃቸውን አነሡ። እትዬ ጥሩ ሞልቷል የሚል ምልክት አሳይተው አለፉ። ፊታቸው ላይ አንዲት የኃጢአት ጠብታ የለችም፤ እውነትም ሞልቷላ! ከሽንኩርቱ ጎን የቀረችውን ማን ወንበር ይላታል? ቀጥሎ ወተት የያዘች ሴት። አለፍን። ቀጥሎ ሦስት ተማሪዎች። አለፍን። ይኸውላችሁ የሳይንስ ኃይል! አንዲት በትክክል የተመረጠች መኪና የአገር ልማድን ያህል ነገር አሸነፈች ብዬ በልቤ ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ንግግሩ ሳያልቅ ከፊታችን መንገድ ዳር አንድ የተዘረጋ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ታየኝ። ከጥላው ሥር ጥምጣም። ከጥምጣሙ ሥር መምሬ ፈንታ። አጠገባቸው በዕድሜ የገፉ እኅታቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ወደታች ወዳለው ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው የሕዝብ መኪናው ጥሏቸው ሄዷል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከአገሩ ቄስ ሁሉ እሳቸው! ዕረፍት ያስፈልግሻል ያሉት እሳቸው!

ፍሬኑ ሲያዝ ግንባሬ ወደ መስታወቱ ሄዶ ተመለሰ። ጉዳዩ ይገባኛል፤ ለቅሶ ነው፣ ቄስ ናቸው። ግን ደግሞ ማሰብ አለብን። መምሬ ፈንታ በዚያ ቁመት ከኋላ አይገቡም፤ ከፊት መሆን አለባቸው፣ እሱም ጥምጣማቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ። እኅታቸው ከኋላ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ። እንግዲህ እኔስ? ሽንኩርቱ ይውረድና እኔ ከኋላ ልግባ አልኩ። እትዬ ጥሩ ያሉኝን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ «አንተ እግር አለህ፣ ሽንኩርቱ እግር የለውም። ጥለነው ብንሄድ ይሰረቃል፤ አንተን ማን ይሰርቅሃል?» አድርሻቸው ተመልሼ እወስድሃለሁ ብለው ምለው ተገዝተው ሄዱ። መምሬ ፈንታ በመስኮት መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ። እኅታቸው «ይኸን ልጅ እግዜር ይስጠው» ሲሉ ሰማሁ። ምን ይሰጠኛል? መኪና ከሆነ ከመውረዴ በፊት ነበር!

መንገድ ዳር ቆሞ የሚያውቅ ሰው የጋሸናን ነፋስ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው አላስረዳም። ገበያተኛው እያለፈ ምን እንደምሠራ ይጠይቀኛል። መኪና እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። አንድ ሽማግሌ አዘኑልኝ። መኪና የለም፣ ያለፈችው አንዲት ቀይ ናት፣ እሷም ሽንኩርትና ቄስ ሞልታ ነው የሄደች አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ያቺን መኪና በሦስት ሳምንት ጥናት ያስገዛኋት እኔ ነኝ ብላቸው ያምኑኝ ነበር? ቀስ በቀስ ገበያተኛው ሁሉ አለቀና መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ሰው ጠፋ።

ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ። ባለ ስድስት ማርሽ ድምፅ ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ቀይዋ ከታች ዳገቱን ስትመጣ ታየችኝ። እትዬ ጥሩ ብቻቸውን ናቸው፤ ሽንኩርቱ እንኳ የለም፣ ለቅሶ ቤቱ አውርደውታል። ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ ሱሪዬን አራገፍኩ፣ ቅሬታዬን ላለመርሳት በተራ ደረደርኩና እጄን አነሣሁ። ቩው! አለፉኝ።

አልተናደድኩም፤ ገና። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰፊ ቦታ ፈልገው ዞረው ሊመለሱ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ጠበቅኩ። ድምፅዋ ወደ ጋሸና ራቀ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። አሁን ቁልቁለት ስለሆነ አመጣጧ ሌላ ነው። ሁለት እጄን አነሣሁ። እትዬ ጥሩን በደንብ አየኋቸው፤ ሻሻቸው ወልቆ አንገታቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፤ ይዘፍኑ ወይ ይጩኹ አላውቅም። ቩው! ከኩርባው ጀርባ ጠፉ። አቧራዋ ተነሥቶ በእኔ ላይ ዐረፈ። ጥናቴ ትክክል ነበር፤ ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና አነሣኝ። ጋቢናው ውስጥ ሰው ተደራርቦ ተቀምጧል፤ ሾፌሩ ግን እጄን እስካነሣ እንኳ አልጠበቀም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የእትዬ ጥሩ ግቢ ገባሁ። ቀይዋ ቆማለች፤ ሞተሯ ገና አልቀዘቀዘም። እትዬ ጥሩ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ሳየው ከቅሬታዬ ግማሹ ጠፋኝ፤ እንዲያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም፣ የሆነ ነገር ከላያቸው ላይ የወረደላቸው ይመስላሉ። ግማሹን ግን ይዤው ስለነበር ለቀቅኩት። የነፋሱን፣ የአቧራውን፣ የሽንኩርቱን፣ የሽማግሌውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩ። በመጨረሻም ዓይንዎ ደከመ ወይ፣ አላዩኝም ወይ ብዬ ጮህኩ።

«አይቼሃለሁ እንጂ» አሉኝ። «ስወጣም አይቼሃለሁ፣ ስመለስም አይቼሃለሁ። እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር፤ መለስሁት።»

ለምን? አልኩ።

«ቁጭ በል ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እጁን ላነሣ ሁሉ ስቆም ኖርሁ። ዛሬ አንድ ሰው ጥዬ ማለፍ አማረኝ። ቄስ ባልፍ ኃጢአት ነው፣ አሮጊት ባልፍ ነውር ነው፣ የማላውቀውን ባልፍ ይረግመኛል። የሚቀየመኝ እንጂ የማይረግመኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ከእኅቴ ልጅ ሌላ ማን አለኝ?»